ምሰሶ ቁጥር አርባ ሰባት

አውሪስቴላ በሳን ቴልሞ ማዘጋጃ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው ሥራ አንድ ነው፤ ሌላው የሠራውን መጻፍ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት እያንዳንዱ ክፍል ሳምንቱን ሙሉ ያደረገውን በአንድ ገጽ ሞነጫጭሮ ጠረጴዛዋ ላይ ይጥልላታል። የመንገድ ክፍል ስንት ጉድጓድ እንደደፈነ፣ የውኃ ክፍል ስንት ቧንቧ እንደጠገነ፣ የጽዳት ክፍል ከዓሣ ገበያው ስንት መኪና ቆሻሻ እንዳነሳ። እሷ ፊደሉን አቃንታ፣ ስድቡን አውጥታ (የውኃ ክፍሉ ኃላፊ ሳይሳደብ ሪፖርት መጻፍ አይሆንለትም) በንጹሕ ትተይበዋለች። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በአደባባዩና በዓሣ ገበያው በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ይነበባል። እኛም ሾርባችንን እየጠጣን እናዳምጣለን። ሌላ ከተማ ሰው ምሳውን በሙዚቃ ይበላል አሉ፤ እኛ በጉድጓድ ቁጥር ነው የምንበላው። ሰፈሩ የተጠራለት ማንኪያውን አስቀምጦ ያጨበጭባል፣ ያልተጠራለት ከንቲባውን እየረገመ ይበላል።

ባሏ ኦልሜዶ እዚያው ማዘጋጃ ቤት የመብራት ክፍል ሠራተኛ ነው። መሰላል ተሸክሞ ከምሰሶ ምሰሶ የሚዞር፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ይበላል፣ በረንዳው ላይ የተወጠረው የገመድ አልጋ ላይ ይጋደማል፣ አለቀ። አውሪስቴላ ተፈጥሮው ነው ብላ ከተቀበለችው ቆይታለች። አይጠጣም፣ አይማታም፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ ይሏታል እህቶቿም።

ዝናቡ በገባ ሰሞን አንድ ሐሙስ ጠዋት የመብራት ክፍሉን ወረቀት ስትተይብ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «አልመንድሮስ መንገድ፣ ምሰሶ ቁጥር 47፣ አምፖል ተተካ። ሠራተኛ፦ ኦልሜዶ።» ይህን መስመር ባለፈው ሳምንትም ተይባዋለች። የቆየውን ፋይል ከፈተች። የዛሬ ሁለት ሳምንትም አለ። የዛሬ ሦስት ሳምንትም አለ። ሁሌ ማክሰኞ፣ ሁሌ ያው ምሰሶ፣ ሁሌ ያው ባል።

አምፖል እኮ ሲያንስ ሲያንስ ዓመት ይበራል። አውሪስቴላ ተነሥታ የሕዝብ አቤቱታ የሚመዘገብበትን መዝገብ አስመጣች። ሰኞ ሰኞ «ምሰሶ 47 ጠፍቷል» ብሎ የፈረመው ሰው አንድ ነው፦ ኔሪዳ፣ ልብስ ሰፊ፣ አልመንድሮስ መንገድ፣ ባሕሩ ዳር ያለው የመጨረሻው ቤት።

ኔሪዳን የማያውቅ የለም። ባሏ ሌላ ወደብ ሄዶ ሌላ ቤት ከሠራ ስድስት ዓመቱ ነው። አንገቷ ረጅም፣ ሳቋ ከቤቷ አልፎ መንገድ የሚደርስ ሴት ናት። አውሪስቴላ ራሷ ለእህቷ ልጅ ሠርግ የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋችላት እሷ ናት። ወገቧን ስትለካት «እግዜር የሰጠሽን ወገብ ምነው ደበቅሽው?» ብላታለች። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ለሳምንት ስታወራው ነበር። አሁን ትዝ ሲላት አንጀቷ አረረ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ይያያዝላት ጀመር። ማክሰኞ ማክሰኞ የኦልሜዶ የምሳ ዕቃ እንደሞላ ነው የሚመለሰው። ከአረንጓዴ ሙዝና ከዓሣ ጠፍጥፋ የጠበሰችለትን፣ ሌላ ቀን ፍርፋሪውን የማያስተርፈውን፣ ማክሰኞ «አልራበኝም» ብሎ ያመጣዋል። በርግጥ በኛ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ደጅህ መጥቶ ሲሠራ አንድ ሳህን ካላወጣህለት ሰው አይልህም። ሠራተኛውም አልበላም ቢል ስድብ ነው። ይህን አውሪስቴላም ታውቃለች። አንድ ሳህን ደንብ ነው፤ በየሳምንቱ ሲሆን ግን ደንብነቱ የት አለ?

«አርባ ሰባት ቁጥር ምን ሆኖ ነው?» አለችው የዚያን ዕለት እራት በልተው እንዳበቁ፣ እንደ ዋዛ፣ ሳህን እያጠበች።

«የቱ?»

«የአልመንድሮሱ ነዋ።»

«ጨው ነው» አለ ኦልሜዶ። «ባሕሩ ቅርብ ነው፣ ጨው ይበላዋል።»

«ጎረቤቱን አርባ ስድስትን ለምን አልበላውም?»

«እንግዲህ ሄደሽ ጨውን ጠይቂዋ» ብሎ ወደ በረንዳው ወጣ።

ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሲቀልድባት የሰማችው ያን ቀን ነው። እሱም በጠፋ አምፖል ጉዳይ። ሌሊቱን ጀርባውን ስታይ አደረች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጥርሴን አሞኛል ብላ ከቢሮ ወጣች። ስለ ጥርሷ አልዋሸችም፣ ከሐሙስ ጀምራ ስትነክሰው ነው የከረመችው። አልመንድሮስ መንገድ ጫፍ የበረዶ መኪና ቆሞ ነበርና ከኋላው ተጠግታ ተደበቀች። የአርባ ሦስት ዓመት ሴት፣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ በረዶ በሚንጠባጠብበት መኪና ኋላ ተሸሽጋ ባሏን ስትሰልል አስቡት። ቅናት ያዋርዳል፣ ሌላ ምን ይባላል።

ኦልሜዶ ሥራውን ጨርሷል። መሰላሉ ምሰሶው ላይ እንደተደገፈ ነው፤ እሱ የታችኛው መወጣጫ ላይ ተቀምጦ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይበላል። ኔሪዳ በሯ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ልብስ ጠርዝ ትሰፋለች።

«ዛሬስ የትኛው ምሰሶ ነው ያናደደህ?» አለችው ቀና ሳትል።

እሱም ጀመረ። የወደቡ መብራት ላይ ጎጆ ስለሠራ አንድ ትልቅ የባሕር ወፍ አወራላት። ወፉ ፒንሳውን ከእጁ ነጥቆ እንዴት ባሕር ውስጥ እንደጣለበት፣ እሱ መሰላሉ ላይ ሆኖ እንዴት እንደተሳደበ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ከታች ሆነው ለወፉ እንዴት እንዳጨበጨቡ። በማንኪያው እያሳየ፣ የወፉን አንገት በራሱ አንገት እየሠራ ነው የሚያወራው። ኔሪዳ መርፌዋን ጥላ ሳቀች። አውሪስቴላ ቆማ ሰማች። ሰውየው ለካ ምላስ አለው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ያወራው ቤቱ በወር ከሚያወራው ይበልጣል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ብታያቸው እንኳ እንዲህ የሚያማት አይመስላትም ነበር። አላለቀሰችም። የመጣችበትን መንገድ ይዛ፣ መንገደኛው ሁሉ ሰላም እያላት ለማንም ሳትመልስ፣ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

ሐሙስ ሪፖርቱን ለመጻፍ ተቀመጠች። በሪፖርት ውስጥ የነዋሪ ስም አይገባም፤ ደንብ ነው፤ ደንቡንም ያወጣችው እሷ ናት። እንዲህ ብላ ተየበች፦ «በልብስ ሰፊዋ በዶኛ ኔሪዳ ደጃፍ የሚገኘው ምሰሶ ቁጥር 47፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ ለአምስተኛ ጊዜ፣ በዚያው ሠራተኛ በዶን ኦልሜዶ በታላቅ ትጋት አምፖሉ ተተክቶለታል።» «በታላቅ ትጋት» የምትለዋን መጨረሻ ላይ ነው የጨመረቻት። ደጋግማ አነበበቻት፣ ወደደቻትም።

ዓርብ እኩለ ቀን አንባቢው እንደልማዱ እያዛጋ አነበበው። እሱ የሰጡትን ያነባል፣ የሞት ፍርዱንም ቢሰጡት በዚያው ድምፅ ያነበዋል።  ከዓሣ ገበያው በኩል ሳቅ ተነሣ። «የኔም ደጅ ጨልሟል፣ ትጉሁን ሰውዬ ላኩልኝ» አለች አንዷ ዓሣ ሻጭ፣ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አውሪስቴላ በመስኮት ታዳምጣለች። ደስ አላት፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ለመጠጣት ያህል ጊዜ ደስ አላት። ከዚያ ኔሪዳን አየቻት። የሰፋችውን የተማሪ ልብስ በክንዷ ይዛ አደባባዩን ልታቋርጥ መሐል ደርሳ ነበር። ቆመች፣ ዙሪያዋን አየች፣ አንገቷን ደፍታ ልብሱን ሳታደርስ ተመለሰች። ያ ረጅም አንገት ሲደፋ ለማየት ሳምንቱን ሙሉ የተመኘችው አውሪስቴላ፣ ሲደፋ ስታየው መስኮቱን ዘጋችው።

ገና ከመስኮቱ ሳትርቅ ዶን ሴኖን ገባ። ዶን ሴኖን የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ማለት ነው፤ ኃላፊውም ሠራተኛውም እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌ ነው፣ የረገጠው ቦታ ሁሉ ከነጠላ ጫማው አሸዋ ይራገፋል።

«ዶኛ አውሪስቴላ፣ ይቺ የዛሬዋ ንባብ ምንድን ናት?»

«እውነት ናት።»

«እውነትማ ናት። ግን አምፖሉን የምነቅለው እኔ ነኝ እኮ።»

አውሪስቴላ ወንበሯን ፈልጋ ተቀመጠች።

«ኤሊዎቹ ናቸዋ» አለ። «ዘንድሮ እንቁላላቸውን የቀበሩት እዚያው ምሰሶው ፊት ለፊት ነው። የሚፈለፈሉት ትንንሾቹ ብርሃን ወዳዩበት ነው የሚሄዱት። ወደ ባሕር መግባት ሲገባቸው ወደ መንገድ ይወጡና ጎማ ሥር ያልቃሉ። ስለዚህ ሰዎቹ ሰኞ ጨለመብን ይላሉ፣ ማክሰኞ የመብራት ክፍል ይሰካዋል፣ እኔ ሳይጨልም ሄጄ እነቅለዋለሁ። ወቅቱ ሲጀምር ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። መልስ የለም።»

«ቢሯችሁ እኮ የሚለያየው በሁለት በር ነው። ሄደው አይነግሯቸውም?»

«በማዘጋጃ ቤቱ አንድ ፒክአፕ መኪና የተነሣ ከተጣላን ወዲህ በአፍ አንነጋገርም፣ በጽሑፍ ብቻ ነው። ደግሞስ ለእርስዎ በየሳምንቱ እየጻፍኩ ሰጥቼዎት የለ?»

ፋይሉን ከፈተች። የአካባቢ ጥበቃ ክፍል፦ «በኤሊዎች መራቢያ፣ በአልመንድሮስ መንገድ ጫፍ፣ ብርሃን እንዲጠፋ ተደርጓል።» አምስት ሳምንት፣ አምስቱም በራሷ ጣት የተተየቡ፣ ከመብራት ክፍሉ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ። በከተማው ውስጥ ሁለቱን ወረቀት የምታነብ እሷ ብቻ ናት። ያነበበችው ግን አንዱን ነው።

ሳቋ መጣ። ከዚያ እንባዋ መጣ። ነገ ኔሪዳ ቤት ሄዳ፣ ተንበርክካም ቢሆን ይቅርታ ልትጠይቅ ለራሷ ማለች፤ በሚቀጥለው ዓርብም በዚያው ድምፅ ማጉያ ስሟን ልታነጻላት። ዛሬ ግን ባሏ ዘንድ መድረስ ነው ያማራት። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሥቶላታል። በመንገዷ ኦልሜዶ የሚወደውን ቀይ ዓሣ ገዛች። ዓሣ ሻጮቹ ሲጠቃቀሱባት እንኳ ግድ አልሰጣትም።

ኦልሜዶ በረንዳው ላይ ነበር፤ አልተጋደመም፣ ጫማውንም አላወለቀም።

«አጥፍቻለሁ» አለችው ገና ደረጃውን ሳትወጣ። «ኦልሜዶዬ፣ እብድ ናት በለኝ። ሴኖን ነው ለካ። ለኤሊዎቹ ብሎ ነው። አንተ ትሰካለህ እሱ ይነቅላል፣ እኔ እዚህ መሐል ቁጭ ብዬ...» ብቻዋን ሳቀች።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ሴኖን መሆኑን። በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቅሁት። አምፖሉ መቼ ተቃጠለና። በጋዜጣ ጠቅልሎ ምሰሶው ሥር ያስቀምጠዋል። ሁልጊዜ የምሰካው ያንኑ አምፖል ነው።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀዘቀዘ። «ታዲያ ለኃላፊህ አትነግረውም ነበር? አንዲት ቃል ብትናገር ያበቃ አልነበር?»

«ያበቃ ነበር» አለ። እጆቹን አያቸው። «ማክሰኞ ይቀርብኝ ነበር።»

ዓሣው የተጠቀለለበት ወረቀት በእጇ ላይ ረጥቦ መቀደድ ጀምሯል። አላስቀመጠችውም።

«አንድ ነገር አድርጋችኋል ካልሽ አላደረግንም» አለ ኦልሜዶ። «እጇን አልነካሁም። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እበላለሁ።»

«ታዲያ እዚያ ምን አለ?»

«ትጠይቀኛለች።»

«ምን ብላ?»

«ምን ዋልክ ብላ።»

«እኔስ?» አለች አውሪስቴላ። ድምፅዋ ቀጭኖ ነበር። «እኔ ምን ዋልክ ብዬህ አላውቅም?»

ኦልሜዶ አሰበ። ሊጎዳት ብሎ ሳይሆን ከልቡ፣ አንድ ቀን እንኳ ላገኝ ብሎ አሰበ፤ ያ ነው የባሰባት። «አንቺ ሐሙስ ሐሙስ ታነቢዋለሽ» አለ በመጨረሻ፣ ሳይቆጣ።

ተሳስመው ቢሆን ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ ጸጉር ይነጫል፣ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ እናት ቤት ይኬዳል፣ እህት ትጠራለች፣ ይለቀሳል፣ ይታረቃል። በአንድ ጥያቄ እንዴት እንደሚጣሉ ግን ማንም አላስተማራትም።

«እና አሁንስ?» አለችው።

«ኃላፊው ንባቡን ሰምቶ ሴኖንን አስጠራው። ሰኞ ምሰሶው ላይ በባሕሩ በኩል መከለያ ይደረግበታል። አይነቀልም ከእንግዲህ» አለ። «ወደ አልመንድሮስም የሚልከኝ የለም።»

የፈለገችውን አግኝታለች፤ ባሏ ከዚያች ደጅ ሊቀር ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር፣ እናቱን በቀበረ ቀን እንኳ፣ ድምፁ እንዲህ ሲሰበር ሰምታው አታውቅም ነበር።