ስርጉት ማማው ላይ ያልወጣችበት ጠዋት

ታናሽ እህቴ ስርጉት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ናት። አሶሳ አየር ማረፊያ ማማ ላይ ተቀምጣ አብራሪውን በሬዲዮ እያናገረች አውሮፕላን ታሳርፋለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። ቤታችን የሚተዳደረው በእሷ ነው።

ኮሮና ሲገባ በረራው ጠፋ። ለካ መሥሪያ ቤታቸው የሚኖረው አውሮፕላን በሚከፍለው ነው። በፈረቃ አብረዋት የሚሠሩት እየተቀነሱ ሄዱ፤ በመጨረሻ አብሯት የቀረው ባልደረባዋ ሰራዊትም ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እሷ ብቻዋን ቀረች። አውሮፕላን በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው።

"አንድ ቀን ብቀር ጣቢያውን ይዘጉታል፣ እትዬ" ትለኝ ነበር።

አውሮፕላኑ በሚመጣበት ዋዜማ አንቀጠቀጣት፤ አተኮሳት። ሁለታችንም ደነገጥን፤ የዚያን በሽታ ስም ግን አልጠራነውም። እዚህ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። አምና የተረፈውን መራራ የወባ ክኒን ከመሳቢያ አወጣች።

"መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እንሂድ" አልኳት።

"ለይቶ ማቆያ ቢያስገቡኝስ? ማን ያሳርፈዋል፣ አንቺ?" አለችና ዋጠችው።

ጠዋት ትኩሳቱ በረደላት። ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" የሚለው ጎረቤታችን ሐምዳን ባጃጁን ደጅ አቁሞ ጥሩምባውን ይነፋል። "ያላ ስርጉት! አውሮፕላኑ አየር ላይ ቆሞ አይጠብቅህም!"

እሷ አጎንብሳ ጫማዋን ታስራለች። ጠራኋት፤ ቀና አላለችም። ትከሻዋን ስነካት በርግጋ ተነሣች።

"እትዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ አለ። ምንም አልሰማም።"

ክኒኑ ነው፤ አንዳንዱን ሰው ጆሮውን ይደፍነዋል። ገበሬ ቢደነቁር እያረሰ ይሻለዋል። እሷስ? አብራሪው ያለውን ሳትሰማ "እሺ" ብትለው? ተሳፋሪዎቹ ታዩኝ። ብትቀርስ? ሂጂም ቅሪም ማለት አቃተኝ።

አዲስ አበባ ላለው አለቃዋ ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። "አንቺ ንገሪልኝ።"

"ጌታዬ፣ እህቴ ታማለች። ጆሮዋ አይሰማም። አውሮፕላኑን አይላኩት" አልኩ።

"ሌላ ሰው እንደሌለን ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"እሺ፣ ይቅር" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ስርጉት አፍ አፌን ታያለች። "ጣቢያው ይዘጋል አለ?"

አይዘጋም አላለም። ትከሻዬን ሰበቅሁ።

"በይ ጤና ጣቢያ ውሰጂኝ። አሁንማ ምን እፈራለሁ።"

ሐምዳን የት እንደምንሄድ ሲሰማ ኮሮና መስሎት አፉን በክንዱ ሸፍኖ ባጃጁን አስነሣና ሄደ። በእግራችን ወጣን። እሷ ከፊት፣ እኔ ራቅ ብዬ ከኋላ። የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር፣ እንደማትሰማኝ እያወቅሁ፣ "ዳር ያዢ!" እያልኩ እጮኻለሁ። ቀርቤ እጇን አልያዝኩም።