ወፉ ዱዓ አይሰማም

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አተኮሰኝና የልጅ ልጄ ራቢያ ኪኒን አመጣችልኝ። ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ኪኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ «ቢስሚላህ» ስል ሳቀች።

«እማማ፣ የሚያድንሽ መድኃኒቱ አይደል? አላህን ለዚችም ታስቸግሪዋለሽ?»

ክፋት የላትም፤ መቀለድ ትወዳለች። እኔ ግን መልስ ቶሎ የሚመጣልኝ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴም ከወለድኩ በኋላ የተማርኳት አራተኛ ክፍል ናት። ኪኒኑን ዋጥኩ። መልሱ የመጣልኝ ራቢያ ሥራዋ ከሄደች በኋላ ነው፤ የመጣውም ከእናቴ አንገት ላይ ከነበረው ክታብ ነው።

ዘመኑ የጣሊያን ነበር። መንገዱን ከጣርማ በር ወደ እኛ ቆላ እያወረደ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ድንኳን ተክሎ ተቀምጧል። እኔ ለአቅመ ሔዋን ብደርስም እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ዓይን አፋር ነበርኩ። አክስቴ ከዲጃ «ለዚች ልጅ ኒካሕ ሲታሰርም እሺ የሚልላት ሰው እንቀጥራለን» እያለች ታስቅብኝ ነበር።

በእኛ አገር ዝናቡ ሲያባራና ማሽላው ወተት ሲይዝ ሁለት ነገር ይመጣል፤ ወፍና ንዳድ። ዛሬ ወባ የሚሉት ነው። በዚያ ዓመት እናቴን ያዛት። ቀን እየዘለለ ያንቀጠቅጣታል፤ የቤቱን ጋቢ ሁሉ ብንደርብባት አይሞቃትም፤ ወዲያው ደግሞ እንደ ቀትር ድንጋይ ትግላለች። እሸት ስትወድ ለጉድ ነበር። ጠብሼ ባቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አባቴ የጣሊያንን ድንኳን ከሩቅ እንኳ ማየት አይወድም ነበር። ያን ቀን ግን እኔን አስከትሎ ሄደ። ከሐማሴን የመጣ አንድ አስታማሚ ነጫጭ ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠን።

«ጧትና ማታ ትዋጠው» አለ። «ካልዋጠች አትነሳም።»

ስንመለስ፣ በጥጡ እርሻ መካከል፣ አባቴ ቆም አለ። «አገሬን የወሰደ ሰው ሚስቴን ያድንልኛል?» አለኝ። እኔን የጠየቀኝ አይመስለኝም።

ቤት ስንደርስ አክስቴ፣ ሼህ ይማም ለእናቴ የጻፉላትን የቁርአን ቃል በቆዳ ልትሰፋ ተቀምጣለች። ኪኒኑን አየችና ተቀብላ ቃሉ ከተጻፈበት ወረቀት ጎን ቆዳው ውስጥ ከተተችው።

«ከፈረንጅ እጅ የወጣ ነገር ሆድ አይገባም። ፈውስ ካለው ከቃሉ አጠገብ ሆኖ ይሥራ» አለች።

አባቴ ቀለለው። መድኃኒቱን አልጣለ፣ ሃይማኖቱንም አልነካ። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ «ይዋጣል ነው ያለው» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ክታቡ ተሰፍቶ እናቴ አንገት ላይ ታሰረ።

እናቴ ባሰባት። ስሜን እስከ መሳት ስትደርስ ሼህ ይማም ዱዓ ሊያደርጉላት መጡ። ከበራፍ እጃቸውን ሳስታጥብ አጠገባችን ማንም አልነበረም። ዓይኔን ከማንቆርቆሪያው ሳላነሳ፣

«ሼሁ... ኪኒኑ ክታቡ ውስጥ ነው። ይዋጣል ነበር ያሉት» አልኩ።

«የማን ክታብ?»

«የአንቱ።»

እጃቸውን ከሳቡ በኋላም ውሃውን እያፈሰስኩ ነበር፤ እግራቸው ራሰ። ገብተው ቢላ ጠየቁ። ክሩን በጠሱት። ኪኒኑ በላቧ ለስልሶ ጫፍ ጫፉ ፈርሷል። አባቴ መሬት መሬት ያያል። አክስቴ ግን የምትበገር አልነበረችም።

«ሼሁ፣ የአንቱ ዱዓ አይበቃትም ወይ?»

«ከዲጃ፣ ማሽላሽን ስትዘሪ ዱዓ አላደረግሽም?»

«አደረግኩ እንጂ!»

«ታዲያ ጧት ጧት ወንጭፍ ይዘሽ ማማ ላይ የምትወጪው ለምንድን ነው?»

«ወፉ ዱዓ አይሰማማ!»

«ንዳዱስ ይሰማል?»

 ሼሁ ዱቄቱን በጣታቸው ነክተው ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ። «አዑዙ ቢላህ! ይኼስ ጅኑንም ያስለቅቀዋል።» አክስቴ ሳትወድ ሳቀች።

«ሼሁ፣ የጣሊያን እኮ ነው» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«ጣሊያን ሲሄድ ይሄዳል። አንተ ሚስትህን አቆያት።»

ሼሁ ቢስሚላህ አሉ፤ እኔ በወተት አስዋጥኳት። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ቃሉንም መልሰው ሰፉት። ኪኒኑ ሲያልቅ አባቴ ማንም ሳይነግረው ማልዶ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

ማሽላው ሳይታጨድ እናቴ ማማዋ ላይ ወጣች። ከስታለች፤ ወንጭፏ ግን ያው ነበር። እሸት ይዤላት ወጣሁና ስትበላ አየኋት። ከዚያ እንደ ምንም ጠየቅኳት።

«እማ፣ ያዳነሽ የቱ ነው?»

ድንጋይ ወረወረች፤ የወፉ መንጋ ግር ብሎ ተነሳ።

«ወፉን እኔ አባረርኩ» አለች። «ማሽላውን ግን እኔ አላበቀልኩትም።»

አክስቴ ከዲጃ እስክትሞት ድረስ ኪኒኑ የሠራው ቃሉ አጠገብ ስለሰነበተ ነው ትል ነበር። የተከራከራት የለም።

ራቢያ ማታ ስትመለስ ይህን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችም። ቀጣዩን ኪኒን ከወረቀቱ አውጥታ ሰጠችኝና ውሃውን ይዛ ቆመች።

«እሺ እማማ፣ በይ ቢስሚላህ በይ» አለች። «ግን አንገትሽ ላይ እንዳትሰፊው።»