እማዬ በጃንሆይ ጊዜ ያየቻት የእሳት እራት

ዛሬ ጠዋት ባልዲውን ስከፍት መዳፌን የምታክል የእሳት እራት የእንቁላል ካርቶኑ ላይ ተለጥፋ ቁጭ ብላለች። ክንፎቿ ላይ ዓይን የመሰሉ ክቦች አሉ።

“እማዬ! ነይ ቶሎ!” ብዬ ጮህኩ።

ለማታውቁ፣ ክረምቱን ሙሉ ኮልፌ ግቢያችን ውስጥ መደበቂያ እንዲሆናቸው የእንቁላል ካርቶን የከተትኩበት ባልዲ ላይ አምፖል እያንጠለጠልኩ፣ ብርሃኑ ስቦ ያስገባቸውን የእሳት እራቶች ጠዋት ፎቶ አንስቼ፣ መዝግቤ እለቃቸዋለሁ። (ጎረቤቶቼ ጫጩት የማረባ ነው የሚመስላቸው።)

እማዬ ደግሞ ልጅ ሳለች፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ እዚሁ ግቢ ፋኖሱ ላይ ልክ እንደዚህች ያለች አይቻለሁ ትላለች። ታላቅ ወንድሟ አጎቴ ጀማል “የሌሊት ወፍ ነው ያየሽው” እያለ ይኸው እስካሁን ይስቅባታል። ሠርጌ ላይ እንኳ ማይክ ይዞ አውርቶታል።

እማዬ መጥታ አየቻት። አልጮኸችም፣ አልሳቀችም።

“እንዳትለቃት። ጀማልን ጥራልኝ” አለች።

አጎቴ ከአየር ጤና በዚያ ዝናብ መጣ። ጃንጥላውን እንኳ ሳያጥፍ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ።

“እሺ፣ የሌሊት ወፍ ናት?” አለችው እማዬ።

አጎቴ በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። “አንቺ ግን ያኔ ሁለት መዳፍ ታክላለች ነበር ያልሽው” አለ።

“የዚያን ጊዜ መዳፌን ነዋ!”

ይኼኔ እሱ ራሱ በሳቅ ወደቀ። የእሳት እራቷን የለቀቀቻት እማዬ ናት፣ በገዛ እጇ።

እናንተስ ቤት እስከ ዛሬ ማንም ያላመነው የማን ወሬ ነው? ጻፉልኝ፣ እኔ እንደሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም አምናለሁ።