ሂስ የሚል ቃል ያመጣብኝ ጣጣ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ፣ አጠገቤ ያለ ጎረምሳ ስለ ፊልም ሲያወራ «ሂስ» ሲል ሰማሁና ብቻዬን ሳቅሁ። በእሱ የሳቅሁ መስሎት ገላመጠኝ። ያ ቃል ከትምህርት ሊያስቀረኝ እንደነበር በምን ያውቃል።

ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምቱ ደሴ ገብቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ወሕይ ነበር፤ ለነቢዩ ከወረደላቸው ቃል የቱ መቼ፣ የት፣ በምን ምክንያት እንደወረደ የሚናገሩትን ዘገባዎች መመርመር። አፌ አያርፍምና፣ ሰኞ ገበያ ባለው የአባቴ ጨርቅ ሱቅ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ደንበኛ «ምን ትማሪያለሽ?» ቢሉኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ወሕይን በታሪካዊ ሂስ ነው የማጠና» አልኩ።

አይ ጅልነት! በእኛ ሰፈር ሂስ ማለት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። «ሂስና ግለ ሂስ» እየተባለ ሰው በጎረቤቱ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ሲለፈልፍ የሚውልበት። አባቴ ራሱ፣ ስብሰባ ትቶ ጁምዓ ሰገደ ተብሎ እንዲያ ቆሟል። እናም ወሬው በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ገራዶ ሲደርስ «የሰይድ ልጅ ነቢዩን ሂስ ልታደርግ ነው» ሆኖ አረፈው።

አባዬ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ከእንግዲህ አትመለሺም» አለ፣ ሜትሩን እየጠቀለለ። አስረዳሁ፣ አለቀስኩ፣ እናቴን አማላጅ ላክሁ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ እሺ አለ፤ እሱን ቁርኣን ያቀሩት ሸህ ኮምቦልቻ አሉ፣ እሳቸው ይፍረዱ። ትቅር ካሉ እቀራለሁ።

ሚኒባስ ተሳፍረን የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወረድን። ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል፤ ዝናቡ ባባራበት ሁሉ ሴቶች በሳፋ በለስ ይዘው ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ። ለወትሮው አባዬ በለስ ሳይገዛ አያልፍም፤ ያን ቀን ዞር ብሎም አላየ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ፊታችንን መታው። እኔን ግን ይበርደኝ ነበር።

ሸሁ ደረሳዎቻቸውን፣ ማለት ተማሪዎቻቸውን፣ ምንጣፍ ላይ ሰብስበው ቁርኣን እያቀሩ ደረስን። ነገሩን ከአባዬ ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ከቁርኣን መጀመሪያ የወረደው የቱ ነው?»

ደረሳዎቹ ፈገግ አሉ። ይህንማ ሕፃንም ያውቀዋል፤ «ኢቅረእ»፣ አንብብ የሚለው ነው። እሱን ብዬ ብወጣ ይቀለኝ ነበር።

«ኢቅረእ ነው የሚሉት ይበዛሉ» አልኩ። «ሙደሲር የምትባለዋ ሱራ ናት ያሉ ሶሓባም፣ የነቢዩ ባልደረባ፣ አሉ።»

አባዬ አንገቱን ደፋ። አንዱ ደረሳ ደንግጦ «አዑዙ ቢላህ» ሲል ሰማሁት። ሸሁ ግን ጠጋ አሉ። «ታዲያ ሁለቱን በምን ታስታርቂያለሽ?»

«ማን እንዳወራው፣ ከማን እንደሰማው አያለሁ። ሶሓባው ያወሩት ወሕይ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ መጀመሪያ ስለወረደው ነው የሚሉ አሉ።»

«ሂስ የምትይው ይህንን ነው?»

«አዎ ሸህ። ግን አልዋሽዎትም፤ የእኛ መምህራን ኪታቡ ያልጠየቀውንም ይጠይቃሉ።»

ዝም ብል ምን ነበረበት! አፌን ልቆርጠው ደረስኩ። ቢሆንም ዋሽቼ ከምመለስ ቤት መቅረት ይሻለኝ ነበር።

ሸሁ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ጠይቂ» አሉ። «ሳታውቂ አውቃለሁ አትበዪ እንጂ ጥያቄ አልተከለከለም።» ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩ። «አብሽር ሰይድ፤ የተናገረችው ኪታብ ላይ አለ። እነዚህ የኔዎቹ ገና አልደረሱበትም። ላካት።»

ወላሂ፣ ያን ቀን በደስታ ኮምቦልቻ ጠበበችኝ። አባዬ ምሳ ቤት አስገብቶኝ ለአራት ሰው የሚበቃ ጥብስ አዘዘ። ሥጋውን ወደ እኔ እየገፋ እሱ እንጀራውን በድልህ በላ። እኔም እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም።

በመስከረም ተመለስኩ፣ ተመረቅሁ፣ ይኸው ሳስተምር ጸጉሬ ሸበተ። እውነቱን ለመናገር የረታሁት እኔ አይደለሁም፤ ለመስማት የማይፈራ አዋቂ ገጥሞኝ ነው። አባዬ ግን እስኪሞት ድረስ ቤታችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጄ እኮ ሸሁን ተከራክራ የረታች ናት» ይል ነበር። በየዓመቱም ክርክሩ ይረዝማል፣ የደረሳዎቹም ቁጥር ይጨምራል። ዘገባ መመርመር እንጀራዬ ነው፤ ያቺን የአባዬን ዘገባ ግን አንድም ቀን አልመረመርኳትም።