ግድግዳ አናጋሪዋ

ሚስቴን ሰፈርተኛው «አናጋሪ» ነው የሚላት፤ ግድግዳ ታናግራለችና። እዚህ ሰፈር ቤት ለብቻው የሚሠራ ሰው የለም። አፈሩ ከራሳችን ጉብታ ይቆፈራል፣ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ጭቃውን ትልቅ ትንሹ በእግሩ ያቦካል። ጣራ ግን እሷ በጣቷ አንጓ አንኳኩታ፣ ጆሮዋን ለጥፋ «ደርቋል» ሳትል አይወጣም። የደረቀ ግድግዳ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ድፍን ይላል። ይህን ከአባቷ ነው የተማረችው። ልጅ ሆና ያገኘችውን ግድግዳ ሁሉ ስታንኳኳ እናቷ «የኔ ልጅ፣ ማን ይከፍትልሻል?» እያሉ ይስቁባት ነበር አሉ።

እኔ አናጢ ነኝ። እሷ ካልፈቀደች መጋዜን ታቅፌ መቀመጥ ነው። «አለቃህ ምን አለች?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ!

ዘንድሮ ግን ነገር ተበላሸ። በር ሲንኳኳ አትሰማም። ማንቆርቆሪያው ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት ትልጣለች። ስጠራት ዝም። ኩርፊያ መስሎኝ እኔም አኮረፍኩ፣ ጅል! በኋላ ሲገባኝ ፊት ለፊቷ ቆምኩና «ጆሮሽን ታከሚ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አልኳት። ከንፈሬን እያየች ነበር የምትከተለኝ። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«አፈር ስሆን ለማንም አትናገር። ይህን ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል?»

ያቺ ቁጡ ሴት እንዲህ ስትለምነኝ አይቼ አላውቅም። ሆዴ ባባና እሺ አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ፍርሃት አብሮኝ ይበላል፣ አብሮኝ ይጠጣል።

የፈራሁት ቀን መጣ። ለሰፈሩ የምንሠራው የሕፃናት መዋያ ግድግዳ አለቀ። ልጆቹን የምትይዘው ደግሞ የገዛ ልጃችን ናት። ሰማዩ ጠቁሯል። ጣራ ሳይለብስ ከዘነበ ግድግዳው ታጥቦ ይሄዳል፤ ሳይደርቅ ከተጫነበት ይናዳል።

«በይ እንጂ አናጋሪ!» ብለው ከበቧት።

አንኳኳች። ጆሮዋን ለጠፈች። ሰው ሁሉ ጸጥ አለላት። ፀሐይ የማያገኘው የጓሮ ማዕዘን ጋ ስትደርስ ደጋግማ አንኳኳች። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ድፍን ነው። ወይስ መሰለኝ? የኔ ጆሮ እንጨት እንጂ ጭቃ አያውቅም! ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ፈርቷል። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ደርቋል። አውጡ።»

እጄን አነሳሁ።

«ቆዩ፣ ይሄ የጣራ ተሸካሚ እንጨት ጠሟል፤ ልጥረበው» ብዬ ዋሸሁ።

«አሁን ደርሶ ጠመመብህ? ዝናቡ እኮ እላያችን ላይ ነው!» አለ ግንበኛው ወንድሟ።

እሷም ከታች አፌን ስታይ ቆይታ ቱግ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

እንጨቱን ያዝኩ። ልጃችን ግን ማዕዘኑ ሥር ወለል እየጠረገች ነበር።

«ውጪ!» ብዬ ጮህኩባት።

«አባዬ ደግሞ፣ ምን ሆንክ? ልጨርስ እንጂ።»

«ውጪ አልኩሽ! አንድም ሰው ውስጥ እንዳይቀር!»

እየተነጫነጨች መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። የሚስቴ ወንድም ከውጭ በኩል እየገፋልኝ ተሸካሚውን ማዕዘኑ ላይ አሳረፍነው። ምንም አልሆነም።

«አየህ፣ ፈሪ!» አለኝ።

ተመስገን ልል አፌን ስከፍት የግድግዳው ሆድ ተነፋ። ከዚያ ማዕዘኑ እንዳለ ወደ ውስጥ ተናደ፤ እንጨቱም ጭቃውም ልጄ ስትጠርገው የነበረው ወለል ላይ ተዘረገፈ። ሰዉ በአንድ አፍ ጮኸ። ልጄ ራሷን ይዛ «እናቴ!» እያለች ትጮሃለች።

ሚስቴ ግን ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ቀጣዩን እንጨት ተሸክመው ለሚመጡት ሰዎች በእጇ መንገድ ታሳያለች። ሰዎቹ ደርቀው ቆሙ። እሷ አልዞረችም።

«ምን ይገትራችኋል?» አለቻቸው። «አምጡት እንጂ፣ ደርቋል አልኳችሁ!»

ያኔ ሰዉ ሁሉ ፍርስራሹን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ።