የኤርሃርት ሐሙስ

ፋይት ጣራ ሠሪ ነበር። በሽታይንግሩብ መንደር ዝናብ የማያስገባ ጣራ ካለ ወይ እሱ ሠርቶታል፣ ወይ አባቱ። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቃል ቆጣቢ ሰው ነው። ሚስቱ ቫልቡርጋ «ከወፍ ጋር እየዋለ የሰው ቋንቋ ጠፍቶበታል» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ሥራ ሲያበቃ መሰላሉን ግድግዳ ጥግ ያጋድማል፣ እጁን ይታጠባል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው የኤርሃርት ጠመቃ ቤት ይወርዳል። ኤርሃርት ማንንም «ምን ልቅዳ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ያለው አንድ ቢራ ነውና። ጠየም ያለ፣ አረፋው ወፍራም፣ ትኩስ የዳቦ ቅርፊት የሚያስታውስ ቢራ። ፋይት በሸክላ ኩባያው ይጠጣል፣ ስለ አየሩ አንድ ሁለት ቃል ይጥላል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ ነው።

ቢራው ጥሩ ይሁን መጥፎ አስቦበት አያውቅም። ለምን ያስባል? ከኮረብታው ማዶ ያለው መንደር የራሱ ጠማቂ አለው፣ ከወንዙ ማዶ ያለውም እንደዚያው። ፍራንከን በሚባለው አገራቸው ቢራ የሌለበትን መንደር ከመፈለግ ደወል የሌለውን ቤተ ክርስቲያን መፈለግ ይቀላል። በወጣትነቱ ለሥራ ወደ አንድ የሰሜን ወደብ ከተማ ሄዶ፣ የቀዱለትን ቢራ አንዴ ተጎንጭቶ ባለቤቱን «ቧንቧችሁ ሳይዝግ አልቀረም» ብሎታል። ለስድብ አልነበረም፤ የምሩን ነው። አገሩ ላይ ደግሞ ምስጋና ሲበዛ «ደህና ነው» ይባላል። ከዚያ በላይ የሚናገር ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ሊበደር ነው።

ኤርሃርት ሚስት አላገባም፤ ከእህቱ ከኩኒጉንደ ጋር ይኖር ነበር። የሚጠምቀው ሐሙስ ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን ገና ከማለዳው የሚፈላው ብቅል ሽታ መንደሩን ይሞላዋል፤ ልጆች በሽታው ውስጥ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ላሞች በሽታው ውስጥ ይታለባሉ፣ ግን ሽታ አለ ብሎ የሚያነሳው የለም።

የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል ኤርሃርት እንደተኛ ሞተ። መንደሩ በወጉ ቀበረው፣ ደግ ሰው ነበር አለ፤ በሳምንቱ ኮረብታውን ተሻግሮ የማዶውን ቢራ መጠጣት ጀመረ። ፋይትም ተሻገረ። ቢራ እንደሆነ ሞልቷል ተባለ፣ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ከፋሲካ በኋላ በዋለው የመጀመሪያ ሐሙስ፣ ፋይት ከቤቱ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆም አለ። ብቅል ሸተተው። ዞር ሲል ቫልቡርጋ ቢላዋና ዳቦ እንደያዘች መስኮቱ ላይ ቆማለች። ተያዩ። መስኮቱን ዘጋች። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ሰላም ብሎት አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሽታው እስከ ቀትር ቆይቶ፣ ክዳን እንደተደፋበት ባንዴ ጠፋ።

በሚቀጥለው ሐሙስም መጣ፤ በሚቀጥለውም። ሰዎች ሐሙስ መስኮት መዝጋት ለመዱ። ልብስ የሚያጥቡበትን ቀን ለወጡ፤ ሐሙስ የተሰጣ አንሶላ ሽታውን ይዞ ይገባ ስለነበር። ስለ ጉዳዩ ግን ማንም አልተነፈሰም። የማዶው ቢራም ለፋይት እንግዳ ሆነበት። ቢራው ጥፋት የለበትም፤ ሲጠጣው ግን ልክ የሌላ ሰው ካፖርት እንደለበሰ ነው የሚሰማው።

በግንቦት ኃይለኛ ነፋስ ከጠመቃ ቤቱ ጣራ ላይ ሸክላዎቹን አንሸራተተና ኩኒጉንደ ፋይትን አስጠራችው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ለማግስቱ ሊያሳድረው አሰበ፤ ግን ሰማዩ ጠቁሯል፣ ቤቱም የአሮጊት ቤት ነው። ወጣ።

ሸክላዎቹን መልሶ ሲያበቃ ወደ ጭስ መውጫው ተጠጋ። አፉ በቁራ ጎጆ ተደፍኗል፤ ጭራሮ፣ የደረቀ ሣር፣ የበግ ጠጉር ተጠቅጥቆበታል። በዚህ በኩል ጭስ ሊወጣ አይችልም። ፋይት እጁን ከላይ ዘረጋ። ሞቃት፣ እርጥብ፣ ጣፋጭ እስትንፋስ መዳፉን ነካው፤ ቆም አለ፤ ደግሞ ነካው። ጎጆው ውስጥ ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተዋል። እናታቸው ራቅ ካለ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ታያለች እንጂ አትጠጋም። እንቁላሎቹን ያሞቃቸው ይህ እስትንፋስ እንጂ እሷ እንዳልሆነች ፋይት ገባው።

እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። ኩኒጉንደ ወጥ ቤት ድንች ትልጥ ነበር። ፊቱን አይታ ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ በሽርጧ እጇን ጠረገች፣ በጀርባ በር ወደ መጥመቂያው ወሰደችው።

ምድጃው ተጠርጓል፤ በሩ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ትልቁ የመዳብ ድስት ደረቅና ንጹሕ ነው። ፋይት መዳፉን ቢያሳርፍበት አቃጠለውና መለሰ። ከዚያ ድምፁ መጣ። እንጨት የድስቱን ቂጥ እየፋቀ በዝግታ ይዞራል። መማሰያው ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ሐሙስ አይደል» አለች ኩኒጉንደ።

«አትፈሪም?»

«ወንድሜን? በሕይወቱ እንኳ ሰው አስፈርቶ አያውቅም።» የተሰቀለውን መማሰያ ቀና ብላ አየች። «ሆዴን የሚበላኝ ሌላ ነው፣ ፋይት። ብቅል የለ፣ ውሃ የለ። ባዶውን ነው የሚያማስለው። እስከ መቼ ነው ባዶ የሚያማስለው?»

ፋይት መሰላሉን ተሸክሞ ቤቱ ሄደ፣ ራቱን ሳይነካ ተኛ። በማግስቱ ጫጩቶቹን ከነጎጆአቸው አንስቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ማማ አዛወራቸው፤ እናታቸውም ተከትላ መጣች። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከተማ ወረደ።

የሄደው የማዶው ጠማቂ ልጅ ወደሆነችው ወደ ሮዚና ነው። የአባቷ ጠመቃ ቤት ለወንድሟ ስለተሰጠ፣ እሷ አንድ ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ቁልፍ ስትጫን ነው የምትውለው። ፋይት በአንድ ከሰዓት የተናገረው ቃል ዓመት ሙሉ ከሚናገረው ሳይበልጥ አልቀረም። ሽታውን፣ ጎጆውን፣ ድስቱን፣ ሁሉን ነገራት፤ መጥታ እንድትጠምቅም ለመናት። መጀመሪያ ሳቀች።

«እየቀለዱብኝ ነው?»

«እኔ ቀልጄ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ሳቋም እዚያው ላይ ቆመ።

ኩኒጉንደ የመጥመቂያውን ቁልፍ ስትሰጣት አንድ ቃል ብቻ አስገባቻት፤ ጠመቃው በሐሙስ ይሁን። ሮዚና በማለዳ ገብታ ውሃውን ሞላች፣ ብቅሉን ጨመረች፣ እሳቱን ለኮሰች። ፋይት ግቢው ውስጥ በርሜል ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። በዚያ ቀን ሽታው ከጭስ ጋር ወጣ። ፀሐዩ ከፍ ሲል ሮዚና በሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ መዳፎቿን ዘርግታ ታያቸዋለች።

«መማሰያውን ይዤ ነበር» አለች። «እጄ ላይ እጅ ነበረ። ሲቀማኝ ለቀቅሁት።»

«አሁንስ?»

«እሳቸው ሥራ ላይ ናቸው።»

ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ከውስጥ የመማሰያው ድምፅ ይሰማል፤ አሁን ግን ከባድ፣ የሞላ፣ የረጠበ ድምፅ ነው። ሁለቱም እስኪያበቃ ድረስ አልተነሱም።

ቢራው ደርሶ መጠጫ ክፍሉ ሲከፈት መንደሩ እንዳለ መጣ። የመጀመሪያውን ጉንጭ እንደቀመሱ ሁሉም ወደ ኩባያው አየ። የኤርሃርት ቢራ ነበር፤ ጠረኑም፣ የዳቦ ቅርፊት ጣዕሙም። ከዚያ አንዱ «ደህና ነው» አለ፣ ሌላውም «ደህና ነው» አለ፣ ወሬው ወደ አየሩ ዞረ። ፋይት ግን ኩባያውን አስቀምጦ ተነሳ። ይህ በጣም ጥሩ ቢራ ነው፣ ድሮም በጣም ጥሩ ነበር አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ወደ መጥመቂያው በር እያየ። ሰዎቹ በአደባባይ ልብሱን ያወለቀ ይመስል ዓይናቸውን ሰበሩ። «ዛሬ ፀሐይ መትቶታል» አለ አንዱ። ቫልቡርጋ ግን ክንዱን ይዛ በቀስታ አስቀመጠችው፣ አላሾፈችበትም።

በጋው እንዲሁ አለፈ። ሮዚና ብቅሉን ታስገባለች፣ እሳቱን ትለኩሳለች፣ መማሰያውን ለባለቤቱ ለቃ ትወጣለች። ቀስ በቀስ ግን እጁ እየቀለለ መጣ። በስተመጨረሻ አካባቢ ቢራቢሮ ያረፈባት ያህል ብቻ ነበር የሚሰማት። ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን በአንዱ ሐሙስ መማሰያውን ስትይዘው እንጨት ብቻ ሆነባት። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አማሰለች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ኩኒጉንደ አይታት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሻማ አበራች።

ከዚያ ወዲህ ሮዚና የምትጠምቀው በተመቻት ቀን ነው። መስኮቶቹ ተከፍተዋል፤ አንሶላም በፈለጉት ቀን ይሰጣል። ፋይት ወገቡ እምቢ ስላለው ጣራ መውጣት ትቷል፣ ጠመቃ ቤቱን ግን አልተወም። ባለፈው ሰሞን ከኩባያው ተጎንጭቶ ብዙ አሰበና ሮዚናን ጠራት።

«መረር ብሏል» አላት።

«ጌሾውን ጨምሬዋለሁ» አለች። «የኔ ይሁን ብዬ ነው። ጠሉት?»

እንደገና ቀመሰ። ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ኩባያውን ጨልጦ እንድትደግመው ገፋላት።