መጨረሻው የተቃጠለ ፊልም

ጣሊያን ደብረ ታቦርን ይዞ በነበረበት ዘመን እኔ የእህል መጋዘኑ አስተርጓሚ ነበርኩ። ቋንቋውን የተማርኩት አስመራ፣ አንድ ቆዳ ነጋዴ ዘንድ ስድስት ዓመት ስሠራ ነው። ወደ አገሬ በተመለስኩ በጥቂት ወር ወረራው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን አሁን ላሳምረው አልፈልግም፤ ሥራ ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ። የሰፈሩ ሰው በፊቴ ሰላምታ ይሰጠኛል፣ ዞር ስል ደግሞ "አፋቸው" ይለኛል። የጣሊያን አፍ ማለቱ ነው።

የመጋዘኑ ሹም ወፍራም፣ ቀይ፣ ብቸኝነት የሚያስጨንቀው ሰው ነበር። በአራተኛው ዓመት ከጎንደር በካሚዮን አንድ ሞተርና የፊልም ማሳያ አስመጣ። መጋዘኑ ባዶ በሆነ ጊዜ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ መስኮቶቹን በጆንያ ጠቅጥቀን ሕዝቡን እንሰበስባለን። መጀመሪያ የመጣው በግድ ነበር። በኋላ ግን ማንም ሳይጠራው ይመጣ ጀመር። የምናሳየው የወታደር ሰልፍና መርከብ፣ አንዳንዴም ስንዴ የሚያጭድ መኪና ነው። ስንዴ አጫጁን ሰው በጣም ይወደው ነበር።

አንድ የግንቦት እሁድ የመጣው የፊልም ቆርቆሮ ግን ሌላ ነገር ይዞ ነበር። ሹሙ ራሱ ምን እንዳለበት አያውቅም። "የሚያስቅ ይሆናል" አለኝ። ፊልሙ ያረጀና የተቧጨረ ስለነበር ሰዉም ቤቱም ላይ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። ድምፅ የለውም። በየመሃሉ ጽሑፍ ይመጣል፤ እኔ ፊልሙ ከሚታይበት ነጭ ጨርቅ አጠገብ ቆሜ ጽሑፉን እያነበብኩ በአማርኛ እጮኻለሁ። ከሞተሩ ድምፅ በላይ ለመሰማት መጮህ ግድ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ደረቅ ኮረብታ ላይ ባለ ትልቅ የድንጋይ ቤት ውስጥ አንዲት ወይዘሮ ትሞታለች። ባሏ መኝታ ቤቷን ቆልፎ ሰባት ዓመት ይቀመጣል። ከዚያ ማንም የማያውቃት የድሃ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ፣ በእግሯ መጥታ በሩን ታንኳኳለች። የቤቱን ጓዳ ሁሉ ታውቀዋለች። የተቆለፈው ክፍል ፊት ቆማ "ይህ የኔ ነው" ትላለች። የሟቿ ቀለበት የተደበቀበትን ታሳያለች። እያንዳንዱን ቃሏን የምናገረው እኔ ነኝ። በወንድ ድምፅ፣ እየጮህኩ፣ የሞተች ሴት ሆኜ ስናገር አንድም ሰው አልሳቀም።

በመጨረሻ ልጅቱ ባልየው ፊት ቆመች። "እንዴት እንደሞትኩ ልንገርህ" የሚል ጽሑፍ መጣ፤ አነበብኩት። ልጅቱ አፏን ከፈተች። በዚህ መካከል ጨርቁ ላይ የምስሉ መሃል ቡናማ ሆነ፣ ተኮማተረ፣ ነጭ ሆነ። ፊልሙ ማሳያው ውስጥ ተቃጥሎ ነበር። ሰዉ በአንድ አፍ "ምን አለች? ምን አለች?" ብሎ ጮኸ። ሹሙ ጭሱን በቆቡ እያራገበ "አንድ ነገር በላቸውና ይሂዱ!" አለኝ።

ልል ያሰብኩት "መርዝ ያጠጣኸኝ አንተ ነህ" ነበር። ማንም የሚጠብቀው እሱን ነው። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው፦

"እናቴን ጠርቻት ነበር አለች። ሦስት ጊዜ ጠራኋት። ወንዙ ሞልቶ አልደረሰችም።"

ፊልሙ ውስጥ ወንዝ የለም። እናትም የለችም። ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ የቆየ ነገር እንደወጣ ያህል ነበር፤ ከተናገርኩት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ።

ሰዉ ቶሎ ወደ ቤቱ አልሄደም። መጋዘኑ ግቢ ውስጥ እየተቧደነ ይከራከር ጀመር። ከደብሩ መሪጌቶች አንዱ፣ ፊልሙን ሊገሥጹ መጥተው እስከ መጨረሻው የተቀመጡ ሽማግሌ፣ "ነፍስ ከሥጋዋ ከተለየች ሌላ ሥጋ አትለብስም። ያ በልጅቱ ያደረ ርኩስ መንፈስ ነው፤ የሟቿን አነጋገር ተምሮ ነው" አሉ።

"ቀለበቱንስ እንዴት አወቀው?" አለ አንድ ሰው።

"ለመንፈስ ሳጥን ይቆለፍበታል እንዴ?" አሉ መሪጌታው።

ጨርቅ ነጋዴው እስላም ጎረቤታችን ደግሞ ሌላ አየ። "ሩሕ፣ ነፍስማ፣ ከወጣች ወደ ጌታዋ ነው፤ በዚህ ከመሪጌታ ጋር ነኝ። እኔን ያልጣመኝ ሰውየው ነው። ያልበደለ ሰው የሰባት ዓመት ልጅ ሲያይ እንደዚያ ይደነግጣል?" አለና ጥቂት አስቦ "የሴትዮዋ ቀሚስ ግን ሐር ነው። ሐር እንጂ ሌላ እንደዚያ አይወርድም" ብሎ ጨመረበት። ኮርቻ ሠሪው ሟቿም ልጅቱም ጆሯቸው አንድ ዓይነት እንደሆነ ምሎ ተናገረ። ይህን የሰሙ ሁለት ሴቶች አማተቡ። ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት እናት ደግሞ ተቆጥታ ነበር። "ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ አንድ ሰው 'ራበሽ ወይ' አላላትም!" አለች። እኔ በበኩሌ ፊልሙ አላማረኝም፤ የሟቿ ዓይን በጣም የተኳለ ነበርና። ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከጆንያዎቹ አጠገብ፣ ከል የለበሰች አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ ታየኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ጥጥ ፈትላ የምትኖር፣ ሰው የማታበዛ ጎረቤት ናት። አግብታ የሄደች ልጇ ጉና ተራራ ተዳፋት ላይ ከሞተች አራት ዓመት አልፏል፤ እሷ ግን ከሉን አላወለቀችም።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ደጃፌ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

"ማን ነገረህ?" አለችኝ።

"ምኑን፣ እማማ?"

"ወንዙን።"

"ፈጠራ ነው። ፊልሙ ሲቃጠልብን ሰዉን ለመሸኘት ብዬ ነው" አልኳት።

"ውሸት አትንገረኝ። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።"

አስገባኋትና ተቀመጠች። ልጇ በነሐሴ በትኩሳት ስትያዝ መልእክተኛ ተልኮባት ነበር። ለሰው ሁሉ የተናገረችው "መርዶው ዘግይቶ ደረሰኝ" ብላ ነው። እውነቱ ግን በዚያው ቀን ወጥታለች። ከጉና የሚወርደው ወንዝ ሞልቶ ዳር ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው በገመድ ሊያሻግራት እጇን ያዘ።

"ተሻግሮ ነበር እሱ፤ ደጋግሞ። እኔ ግን ፈራሁ" አለችኝ። "ውኃው ቀይ ነበር። እጄን ቀማሁት። ጎድሎ ስሻገር መቃብሯ ተደፍኗል። ቤታቸው አልገባሁም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ያልተሻገርኩት ወንዝ ነው እስከ ዛሬ የሚጮህብኝ። አሁን አንተ አገር በተሰበሰበበት አወጣኸው።"

"እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ በእግዜር" አልኳት።

"እሱን አምኛለሁ" አለች። "ያስፈራኝም እሱ ነው።"

ከዚያ የመጣችበትን ነገር ተናገረች። አማቿ በዓመቱ ሌላ አግብቶ ሴት ልጅ ወልዷል። ልጅቱ ሦስት ዓመት ሆኗታል። አይታት አታውቅም። "ሄጄ ልያት። አንተም አብረኸኝ ትመጣለህ" አለችኝ።

"እማማ፣ ያ እኮ ፊልም ነው።"

"አንተ ግን ፊልም አይደለህም። ልጄ የምትለኝን ያልከኝ አንተ ነህ።"

ጉና በዚያ ዘመን የአርበኞች ነበር። የጣሊያን አስተርጓሚ ወደዚያ መውጣቱ ራሱን ለሞት መስጠት ነው። ይህን ነገርኳት። "ከኔ ጋር የመጣ ሰው ነህ" አለች እንጂ ሌላ አልመለሰችም። ሹሙን ዘመድ ታመመብኝ ብዬ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩት። ኮቴንና ባርኔጣዬን ቤት ትቼ አሮጌ ጋቢ ለበስኩ፤ እሷን በበቅሎዬ አስቀምጬ በእግሬ ወጣሁ። ለምን እሺ እንዳልኳት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ያንን ቃል ማን አፌ ውስጥ እንዳስቀመጠው ማወቅ ፈልጌ ይመስለኛል።

ወንዙን ስንሻገር ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር። ከበቅሎዋ ወርዳ በእግሯ ተሻገረች። ከማዶ ቆማ የቀሚሷን ጫፍ ስትጨምቅ በቅሎዋን ይዤ ጠበቅኳት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረስን። ጉና ላይ ጉም ወርዶ ከበጎቹ ሳል በቀር የሚሰማ የለም። የቤቱ ሴት፣ ሁለተኛዋ ሚስት፣ ደጅ ላይ ድንች ትልጥ ነበር። ማን እንደመጣ ሳታውቅ ተነሥታ "ኑ ግቡ" አለች። አብሬያት የመጣሁት ሴት ባለችበት ቆመች። ከበሩ ኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ ብላ አየችን። ቀጥ ብላ መጣችና የሴትዮዋን ከል ጫፍ ያዘች።

"እታበባ፣ እግርሽ ደረቀ?" አለቻት።

ሴትዮዋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሟቿ ልጇ እናቷን "እማዬ" ብላ ጠርታ አታውቅም ነበር። አክስቶቿ እንደሚጠሯት እሷም "እታበባ" ነበር የምትላት። ይህን በመንገድ ላይ ነግራኛለች።

ሁለተኛዋ ሚስት ደንግጣ ልጇን ሳበቻት። እንግዳዋን አሁን አወቀቻት። "አይፍረዱባት እናቴ፤ እዚህ ቤት ስምዎ ሲነሣ በእታበባ ነው። ከአባቷ ሰምታ ነው" አለች።

ለስሙ ይህ ይበቃ ይሆናል። እግሩን በተመለከተ ሣሩ በጉም ርሶ እንደነበር፣ የሁላችንም እግር እንደረጠበ ራሴን አስታወስኩ። ልጆች ያዩትን ይጠይቃሉ። ይህን ሁሉ አስቤም ከበቅሎዋ አንገት ላይ እጄን ማንሣት አቃተኝ።

አማቿ ከእርሻ ተጠርቶ መጣ። ረጅም ሰው ነው። ጭቃውን ሳያራግፍ እግሯ ላይ ወደቀ። እሷም "ተነሣ" አለችው። "አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ጠርታኝ ነበር?"

ሰውየው ወደኔ አየ፤ ቀጥሎ መሬቱን። "ሦስት ጊዜ" አለ።

"እኔ ደግሞ ወንዙ ዳር ነበርኩ።"

"አውቃለሁ" አላት። "እኔም ከማዶ ነበርኩ፣ ልቀበልዎ ወርጄ። የዝናብ ገሳ ለብሰው ተቀምጠው አየሁዎ። ብጮህ ውኃው አላሰማ አለ። ሰውየው እጅዎን ሲይዝና እርስዎ ሲቀሙት አይቻለሁ። እኔም ያን ዕለት ብሆን አልሻገርም ነበር። ለሰው አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም። እርስዎ ደግሞ ደጄን ሳይረግጡ ሲመለሱ፣ 'ልጄን ገደላት ብለው ነው' ብዬ ኖርኩ።"

ሴትዮዋ አለቀሰች። ልቅሶው ለአራት ዓመት የተጠራቀመ ነበርና ቶሎ አላቆመም። ሁለተኛዋ ሚስት አብራት አለቀሰች። ልጅቱ የሴትዮዋ ጭን ላይ ወጥታ ተቀምጣ የከሏን ክር ትመዝዝ ነበር።

ማንም አርበኛ አልመጣብኝም። ሰውየው ማን እንደሆንኩ የገባው ይመስለኛል፤ ግን ምሳ አቀረበልኝ፣ የገብስ ጠላ ቀዳልኝ። ቀኑን ሙሉ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ አንድም እንዳልታወቅ፣ አንድም ያ ቤት አስፈርቶኝ። ልንወጣ ስንል ልጅቱ በጣቷ አመለከተችኝና እናቷን "ያ ሰውዬ ይጮኻል" አለቻት።

"ምን ጮኸ ልጄ? ትንፍሽ አላለም እኮ" አለች እናቷ።

"ይጮኻል" አለች ልጅቱ በድጋሚ፣ ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል።

በመልሱ ወንዙ ጋ ስንደርስ ሴትዮዋ በበቅሎ ላይ ሆና "አሁን አይጮህም" አለች። ወንዙን ማለቷ መሆኑን ገመትኩ።

ሹሙ ቀጣዩን ፊልም ሲያስመጣ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩት። ሦስት እሁድ እንደዚህ አልኩት፤ በአራተኛው ተናዶ ሌላ አስተርጓሚ አመጣና እኔን ገብስ ወደ ማስመዘን አዛወረኝ። ደስ አለኝ። ጣሊያን ሲወጣ ለእሱ ስለ መሥራቴ ሊጠይቁኝ የመጡ ነበሩ፤ የጉናው ሰው ከአርበኞቹ ጋር ከተማ ገብቶ "ይህን ሰው ተዉልኝ" አለ። ምክንያቱን አልተናገረም።

ሴትዮዋ በዚያው ክረምት ከሉን አውልቃ ነጭ ለበሰች። ልጅቱን ስታድግ ደብረ ታቦር አምጥታ ከእሷ ጋር አኖረቻት፤ ትምህርት ቤትም አስገባቻት። ወላጆቿ በደስታ ነው የሰጧት፤ ለበዓል ሁሉም እየመጡ አንድ ቤት ያድሩ ነበር። ልጅቱን አንድ ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ ያን ቀን ታስታውሺ እንደሆነ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ሳቀችብኝና "ምኑን?" አለች። ሴትዮዋ ግን ጠይቃት አታውቅም። መሪጌታው አንድ ቀን "የልጅሽ ነፍስ ናት ትያለሽ እንዴ?" ቢሏት "ልጅ ናት፣ አባቴ። ራት ልስጣት" ብላ ተነሣች።

በእርጅናዋ ጉልበቷን ያማት ስለነበር በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ሁለቱ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ይወርዳሉ። በቅሎዬን የማውሳቸው እኔ ነበርኩ። ጠዋት በደጄ ሲያልፉ ልጅቱ ልጓሙን ይዛ ከፊት ትሄዳለች፤ አሮጊቷ ከላይ ሆና ስለ መንገዱ ትጨቃጨቃታለች።